ሐዋሳ በዊልቸር፦ ከሐሙስ እስከ ሰኞ

ሐዋሳን የመረጥኳት ሜዳ ስለሆነች ነው። ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው ከተማ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው ዳገቷን ነው። ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ሐረር ጀጎል፣ ስማቸው ሁሉ ያስጎመጃል። ደረጃና ቁልቁለታቸውን ሳስብ ግን ክንዴ ቀድሞ ይደክማል። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቋ ዳር ተዘርግታ ነው የተቀመጠችው። የታቦርንና የአላሙራን ተራሮች ከተውናቸው ዋና ዋና መንገዶቿ ለጥ ያሉ ናቸው። ለእኔ ይሄ ከየትኛውም የቱሪስት ማስታወቂያ ይበልጣል።

እኔ ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም። ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሬ ተጎድቷል። የምጠቀመው በእጅ የሚገፋና የሚታጠፍ ዊልቸር ነው። አብሮኝ የሄደው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መኪናውንም የነዳው እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ወንበር ላይ ሆናችሁ “እዚያ መሄድ እችል ይሆን?” ለምትሉ ነው። አብራችኋቸው ለምትጓዙ ቤተሰቦችና ጓደኞችም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ከመነሳታችን በፊት

ሆቴል ስትደውሉ “ዊልቸር ያስገባል?” ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ “ችግር የለም” ነው። ሰው ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያልፍበትን በር በዚያ ዓይን አይቶት ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ በሴንቲ ሜትር ጠይቁ። የእኔ ዊልቸር ከጎማ ጎማ 64 ሴንቲ ነው። የምጠይቀውም እንዲህ ነው፦ “የመታጠቢያ ቤቱ በር ስንት ሴንቲ ነው? እባክዎ ሜትር ይዘው ይለኩልኝ። መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ አለ? ምድር ቤት ላይ ክፍል አለ? ሻወሩ ውስጥ ደፍ አለው?”

አንዳንዱ “መልሰን እንደውላለን” ይልና ይጠፋል። አንዷ እንግዳ ተቀባይ ግን “አንዴ ይጠብቁኝ” ብላ ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። “የክፍሉ በር 82 ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ 66። መግቢያው ሦስት ደረጃ አለው፤ ጎኑ ላይ ለዊልቸር መውጫ የሚሆን ራምፕ ተሠርቷል። ሻወሩ ደፍ የለውም፣ ወለሉ እኩል ነው” አለችኝ። ወዲያው ያዝኩ። እንዲህ ለክቶ የሚነግር ሰው ያለበት ሆቴል ሌላውንም ችግር አብሮ ይፈታል ብዬ ነው። እንዳሰብኩትም ሆነ።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዳማ የፍጥነት መንገድ ወጥተን፣ ሞጆ ላይ ታጥፈን፣ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ሄድን። ከዚያ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርገን ገባን።

የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ በሕዝብ ማመላለሻም ይኬዳል፤ ግን ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ በሚኒባስ ስሄድ ረዳቱ ዊልቸሬን ፖርቶመጋላ ላይ ወርውሮ፣ በላዩ የጤፍ ጆንያ ጫነበት። ስንደርስ የፊት ጎማው ተጣሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ከሆነ የምይዘው ጋቢና ነው። ለወንበሩም የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ ውስጥ አስገባዋለሁ። በአውሮፕላንም መሄድ ይቻላል። ቲኬት ስትቆርጡ ግን “ዊልቸር እፈልጋለሁ” ብቻ ብላችሁ አትለፉ። አየር መንገዶች ተሳፋሪውን በሦስት ይከፍሉታል፦ ረጅም መንገድ መሄድ ብቻ የሚከብደው፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ እና እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ የሚፈልግ። ወደ ሐዋሳ የሚበሩት ትንንሾቹ አውሮፕላኖች በራሳቸው ደረጃ ነው የሚያሳፍሩት። ስለዚህ የትኛው እንደሆናችሁ ቀድማችሁ በግልጽ መናገር አለባችሁ።

ረጅም መንገድ ላይ ሁለት ነገር ያሰጋኛል። አንደኛው የመቀመጫ ቁስል ነው። ቆዳዬ ሲታመም አይሰማኝም፤ ስለዚህ ሰዓት እያየሁ በክንዴ እየተደገፍኩ መቀመጫዬን ከፍ አደርጋለሁ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝም አጋድላለሁ። የዊልቸሬን ትራስ አውጥቼ የመኪናው ወንበር ላይ አደርገዋለሁ። የመኪና ወንበር የቱንም ያህል ቢመች እንደሱ አይሆንም።

ሁለተኛው ሽንት ቤት ነው። ብዙዎቻችን መንገድ ስንወጣ ውኃ አንጠጣም። አውቃለሁ፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ግን በካቴተር (ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ለሚሸና ሰው ውኃ መከልከል ኢንፌክሽን መጥራት ነው፤ ሐኪሞች ደጋግመው የሚናገሩትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ባቱ ላይ ሦስት ቦታ ጠየቅን። አንዱ ደረጃ አለው፤ አንዱ በሩ ጠባብ ነው። የሦስተኛው በር አስገባኝ፣ ግን ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ወንበሬ እያለ አይዘጋም። ነጠላ ይዤ የምጓዘው ለዚህ ነው። ወንድሜ በሩ ላይ ነጠላውን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። የቤቱ ባለቤት አይተው ደነገጡ። “በሩን ወደ ውጪ እንዲከፈት ማድረግ እንችል ነበር እኮ፣ ማንም አልነገረንም” አሉ። እውነታቸውን ነው። ማጠፊያውን አዙሮ መግጠም የአንድ አናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ጥቁር ውኃን አልፈን ከተማ ስንገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

አሁን ወደ ራምፑ ልምጣ። የተባለው ራምፕ አለ፣ ግን የሚያስፈራ ነው። ሦስቱ ደረጃ ሲደመር 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ራምፑ ግን ርዝመቱ ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ላዩም ሴራሚክ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልኬት ለአንድ ሴንቲ ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ርዝመት ነው። ለ45 ሴንቲ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል ማለት ነው። ይሄኛው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ቀጥ ያለ ነው። ብቻዬን ልወጣው ብሞክር ወንበሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ወንድሜ ከኋላ፣ ጥበቃው ከፊት ሆነው አወጡኝ።

ዝም ብዬ ቅንጦት እየጠየቅኩ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም ሆነ ደረጃ ለሚከብደው ሰው የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ሽንት ቤቱንም ጨምሯል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነው። ራምፕ የሚሠራው “ራምፕ አለ” ለማለት ከሆነ ገንዘቡ ባክኖ ነው የሚቀረው። ሲሚንቶው ወጥቷል፣ የሠራተኛ ተከፍሏል፣ ሴራሚኩም ተገዝቷል። የጎደለው አንድ ዊልቸር ተጠቃሚ ጠርቶ “ውጪው እስቲ” ማለት ነው።

ክፍሉ ሰፊ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር 66 የተባለው ልክ ነው፤ ግን በሩ ሲከፈት ራሱ ጥቂት ሴንቲ ይይዛል። ዊልቸሩ ተሰነቀረ። ወንድሜ ወዲያው ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ሰውየው ካካቢቴና መዶሻ ይዞ መጣ። በሩን ከማጠፊያው አውልቆ ግድግዳ አስደገፈው፤ በምትኩ መጋረጃ ሰቀሉ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በቃ፣ ገባሁ። ይህን ዘዴ ያዙልኝ፦ በር ጥቂት ሴንቲ ከጠበባችሁ አስወልቁት።

ዓርብ

ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው የሚገቡት በማለዳ ስለሆነ ቁርስ ሳንበላ ወጣን። መኪናውን ሆቴል ትተን ባጃጅ ኮንትራት ያዝን። እኔው ነኝ የፈለግኩት፤ ከተማዋን በባጃጅ ማየት ፈልጌ ነው።

ባጃጅ ለዊልቸር ተጠቃሚ ይከብዳል የሚል ሰው ብዙ ነው። ለእኔ ከሚኒባስ በጣም ይቀለኛል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ ጎኑም ክፍት ነው። ዊልቸሬን ወደ ባጃጁ ሰያፍ አድርጌ አስጠጋሁና ፍሬን ያዝኩ። የእጅ መደገፊያውን አነሳሁ። አንድ እጄን የባጃጁ ወንበር ላይ፣ አንዱን ዊልቸሬ ላይ አድርጌ ራሴን አነሳሁና ገባሁ። እግሮቼን በእጄ ተራ በተራ አስገባሁ። ዊልቸሩ ታጥፎ ከጉልበታችን ፊት ቆመና በገመድ ከብረቱ ጋር ታሰረ። ሾፌሩ ወጣት ነው። መጀመሪያ ሊያነሳኝ እጁን ዘርግቶ ነበር። “ቆይ ወንድሜ፣ ባጃጁን ብቻ እንዳትነቃነቅ ያዝልኝ” አልኩት። ያዘልኝ። ስጨርስ “እህቴ፣ ነገም እኔ ነኝ የምወስድሽ” አለኝ። እስክንመለስ ድረስ ከእሱ ጋር ነው የዞርነው።

አሞራ ገደል መሬቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አፈር አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ ዛፎቹ ሥር ደግሞ ሥራሥሩ ወጥቷል። የፊት ትንንሽ ጎማዎች እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ይቀረቀራሉ። መላው ወንበሩን አዙሮ ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ትልቁ ጎማ ሁሉንም ይሻገራል። ዓሣው የሚጸዳበት አካባቢ ውኃና ቅርፊት ስለሚበዛበት ያንሸራትታል። ጓንት አድርጉ። ጎማው የነካው ሁሉ ወደ እጅ ነው የሚመጣው።

አባ ኮዳዎቹን ግን ከእኔ ወንበር ሆኖ እንደማየት ያለ ነገር የለም። ለቆመ ሰው ከታች ያሉ ትልልቅ ወፎች ናቸው። አንዱ አባ ኮዳ እስከ ሜትር ተኩል ይቆማል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ተቀምጬ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። መላጣው ሮዝ ጭንቅላቱ፣ የተበጣጠሰ የሚመስለው የአንገቱ ጸጉር፣ ከዚያ ያ ረጅም መንቁር። አንድ ልጅ የዓሣ አንጀት ሲወረውር ከጎኔ ቀለበው፣ መንቁሩ ሲገጠምም ቀው ሲል ሰማሁት። ወንድሜ “ነይ እንራቅ” ይለኛል፤ እኔ ፍሬን ይዣለሁ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች አሉ፤ ጦጣዎቹ ደግሞ ሳታስቡት ከጭናችሁ ላይ ይወስዳሉ። ዊልቸር ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ይወዳሉ፣ ዝጉት።

ቁርሳችን የዓሣ ሾርባና የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ነበር። አግዳሚ ወንበሮቹ ከጠረጴዛው ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ዊልቸር ከሥሩ አይገባም። ጫፉ ላይ ዊልቸሬን አቁሜ ሳህኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በላሁ። ምግቡን የምትሸጠው ሴትዮ ግን ሾርባውን ልትሰጠኝ ስትል “ትኩስ ነው፣ ጭንሽ ላይ አታድርጊው” ብላ በርጩማ አመጣችልኝ። እግሩ ቢቃጠል የማይሰማው ሰው ትኩስ ነገር ጭኑ ላይ ማድረግ የለበትም። ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው። አጎቷ ዊልቸር ላይ እንደነበሩ ኋላ ነገረችን።

ከሰዓት በኋላ አረፍኩ። ጎኔ ላይ ተጋድሜ መቀመጫዬን ማሳረፍ አለብኝ። ዕቅዳችሁ ውስጥ ይህን ሰዓት አስገቡት።

ቅዳሜ

ጀልባ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ስለዚህ በጠዋት ነው የሄድነው።

ጀልባ ላይ ያለ ሰው እርዳታ መውጣት አልችልም። ስለዚህ መሸከሙን ራሴ መራሁት። በየቦታው ሰው ሲያየን ይሯሯጣል። አንዱ ክንድ፣ አንዱ እግር፣ አንዱ ቀሚስ ይይዛል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ትከሻ ይወልቃል፣ ሰው ይወድቃል። ጀልባ ነጂውንና ወንድሜን ብቻ አስቀረሁ። ወንድሜ ከኋላዬ በብብቴ ሥር እጁን አስገብቶ፣ ደረቴ ላይ ያጣመርኳቸውን ክንዶቼን ያዘ። ጀልባ ነጂው ከጉልበቴ በታች ያዘ። “እኔ ሦስት ስል” አልኳቸው። ትራሴ ቀድሞ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ስለነበር እሱ ላይ አረፍኩ። ዊልቸሩ ባሕሩ ዳር ከአንድ ልጅ ጋር ቀረ። ልጁ እስክንመለስ ድረስ ማንንም አላስቀመጠበትም አሉኝ።

የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን አጥብቃችሁ እሰሩ። እግሩን ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ጃኬቱ ራስና አንገትን ከውኃ በላይ የሚይዝ መሆን አለበት። ከወገብ የላላ ከሆነ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል። የመጀመሪያው ላላብኝ፤ ሌላ አስመጣሁ። ጀልባ ነጂው ትንሽ ሰልችቶት ነበር፤ ግን አመጣ።

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጽ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። እንደዚያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አይደለም። ወደ ጥቁር ውኃ አቅጣጫ ስንሄድ ጉማሬዎቹ ታዩ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀነሰ፤ አልቀረበም። ጥሩ አደረገ። መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ፉት ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ። ሸንበቆው ላይ ዓሣ የሚያድን ንስር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮኸ። ከአደጋው ወዲህ ውኃ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ስሆን ሰውነቴ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ጠርዝ አያለሁ፣ ጉድጓድ እጠብቃለሁ፣ እገፋለሁ። ጀልባው ላይ ይሄ ሁሉ አልነበረም። ከሌሎቹ ጋር እኩል ተቀምጬ ነው ያየሁት። አለቀስኩ። ወንድሜም አየኝ፣ ምንም አላለም።

ማታ ላይ ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ተነስቼ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በሚወስደው ሰፊ መንገድ በራሴ ገፍቼ ሄድኩ። ለዚህ ነው ሐዋሳ የመጣሁት ብል ይሻላል። በቡና ሽታና በባጃጅ ጥሩምባ መሃል፣ ዛፉ ሥር፣ ሰው ሲንሸራሸር አብሮ መንሸራሸር። እግረኛ መንገዱ ላይ ጥሩ ጥሩ ቦታ አለ። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ጋ ስትደርሱ ጠርዙ ከፍ ይላል። ለመውረድ ጎበዝ ነኝ፤ የፊት ጎማዬን አንስቼ እወርዳለሁ። ለመውጣት ግን ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙውን መንገድ ከአስፋልቱ ዳር ዳር ነው የሄድኩት። ባጃጆቹ ጥሩምባ ይነፉልኛል። የቦይ ክዳኖቹን ልብ በሉ፤ አንዳንዱ ተሰብሯል፣ የአንዳንዱ ክፍተትም የፊት ጎማ ይውጣል።

አንድ ወጣት ከኋላዬ መጥቶ እጀታዬን ያዘና ሳይጠይቀኝ መግፋት ጀመረ። እጆቼ ጎማው ላይ ነበሩ፣ ጣቴ ሊያዝ ነበር። “ወንድሜ፣ ቆይ! አመሰግናለሁ፣ ግን መጀመሪያ ጠይቀኝ” አልኩት። ደነገጠ። “ልረዳሽ ብዬ ነው” አለ። “አውቃለሁ” አልኩት። ጠርዙ ጋ ስደርስ ራሴ ጠራሁትና አወጣኝ። ከዚያ እስከ ሐይቁ ድረስ አብሮን ሄደ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ፍቅር ሐይቅ ልንደርስ ስንል የግራው ጎማዬ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። እዚህ ጋ የከተማዋ የብስክሌት ፍቅር ጠቀመኝ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ከድሮም ብስክሌት የሚነዳባት ከተማ ናት። የብዙ ዊልቸሮች የኋላ ጎማ ደግሞ ባለ 24 ኢንች ነው፤ የብስክሌት ካላማዳሪ ይሆነዋል። ተማሪው አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ወሰደን። ሽማግሌ ናቸው፤ ሳጥናቸውን ሊዘጉ ነበር። እኔን ድንጋይ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፣ ካላማዳሪውን በውኃ ሳፋ ውስጥ አዙረው ቀዳዳውን አገኙ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ለጠፉት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው የፊት ጎማዬን ኩሽኔታ አሽከርክረው አዳመጡ። “ይሄ ጸጉር ገብቶበታል፣ ለዚህ ነው የሚከብድሽ ልጄ” አሉ። በወረንጦ አወጡት። የራሴ ረጅም ጸጉር ከአቧራ ጋር ተጠምጥሞ ነበር። ሲጨርሱ ወንበሩ በጣት ይሄዳል።

እሑድ

ጠዋት ቅዱስ ገብርኤል ሄድን። ቅዳሴው ላይ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ሆኜ ጸለይኩ። ብዙ ሰውም ውጪ ነበር፣ ብቻዬን አልነበርኩም። ጎማዬ እንደ ጫማ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ሁሌም ያሳስበኛል። አንድ አባት ጠይቄ ነበር። “ጎማውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊውና ነይ፣ እግርሽ እኮ ነው” ብለውኛል። እርጥብ ጨርቅ በቦርሳዬ አይጠፋም።

ስንወጣ አንዲት እናት መጥተው ጭኔ ላይ ብር አስቀመጡ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ድሮ እናደድ ነበር። አሁን እጃቸውን ያዝኩና ብሩን መለስኩላቸው፦ “እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ሥራ አለኝ። ለተቸገረ ይስጡልኝ።” ፊታቸው ተለዋወጠ። “ይቅር በይኝ ልጄ” አሉ። ከዚያ “ምን ትሠሪያለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። ወዲያው የልጅ ልጃቸው አካውንቲንግ እንደምትማር ነግረውኝ ስለ ሥራ መፈለግ ማውራት ጀመርን። ወንድሜ ባጃጁ ውስጥ ብዙ ጠበቀን።

ከሰዓት በኋላ ጉዱማሌ። ሲዳማዎች ፊቼ ጫምባላላን የሚያከብሩበት፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ፊቼ ጫምባላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የሄድነው በበዓሉ ወቅት አልነበረም፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሣሩ ላይ ጎማው ስለሚሰምጥ በራሴ ብዙ አልሄድኩም፣ ዳር ዳሩን ነው የዞርነው። ለበዓሉ መምጣት እፈልጋለሁ። ያን ያህል ሕዝብ መሃል ዊልቸር ላይ ያለ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና ለአረጋውያን አንድ ቦታ ቢከለል ሜዳው ሰፊ ነው፣ ይበቃል።

ማታ ቦርሳሜ በላን፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ በሸክላ ቀርቦ። ስለሱ ብዙ ባልጽፍ ይሻላል፣ ይርበኛል።

ሰኞ

ሒሳብ ስንዘጋ ሥራ አስኪያጁ መጣ። በሩን ራሱ ያወለቀው ሰውዬ ነው። “ራምፑን እናፍርሰው ብያለሁ። እንዴት እንደሚሠራ ንገሪን” አለኝ። የደረሰኝ ወረቀት ገልብጬ ሣልኩለት። ከፍታው 45፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ40። ፊት ለፊት ቦታ ስለማይበቃ ከግድግዳው ጎን ለጎን ሄዶ መሃል ላይ ይታጠፍ። መታጠፊያው ላይ ወንበር የሚዞርበት ለጥ ያለ ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ይኑረው። ስፋቱ ከሜትር ከ20 አይነስ። ጎማ ሾልኮ እንዳይወርድ ዳርና ዳሩ ከፍ ይበል። መደገፊያ ብረት በሁለቱም በኩል።

“ላሜራ ብናደርገውስ? ቶሎ ያልቃል” አለ።

“ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል” አልኩት። “ሲሚንቶ ይሁን፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም አሻክሩት። ሴራሚክ እንዳታስነኩት።”

ያቺ በስልክ የለካችልኝ እንግዳ ተቀባይ ከጎኑ ቆማ እየጻፈች ነበር። “የሌሎቹን ክፍሎች በርም ለክቻለሁ” አለችና ዝርዝሩን አሳየችኝ። ምድር ቤት ካሉት የሁለቱ መታጠቢያ ቤት በር 75 ነው። ከእንግዲህ ለሚደውል እነሱን እንድትሰጥ ነገርኳት። ስልኬን ሰጠኋቸው። ሲሚንቶው ሲፈስ ፎቶ ይልኩልኛል፤ ቁልቁለቱ ልክ ካልሆነ ሳይደርቅ እንዲነግሩኝም ተስማማን። ከዚያ ጥበቃውና ወንድሜ በአሮጌው ራምፕ አወረዱኝና ወደ ሻሸመኔ መንገድ ጀመርን።